ጥቆማ፦ የፒንክ ፍሎይድ የመጀመሪያው አልበም፣ ሞኖ ወይስ ስቴሪዮ?

ጠያቂ፦ የ1967ቱን «ዘ ፓይፐር አት ዘ ጌትስ ኦፍ ዶውን» በአዲስ ሸክላ ልገዛ ነው። የ2016ቱ ስቴሪዮ (ድምፁ ለግራና ለቀኝ የተከፈለው) ይሻላል ወይስ የ2018ቱ ሞኖ (ሁሉም በአንድ መስመር የሚወጣው)? ያለሁት ጀርመን ነው፤ መርፌዬ ኦርቶፎን ቱኤም ሬድ።

ሸክላ ወዳድ፦ ሞኖ። ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ሰው የሚሰማው እሱን ስለነበር ዋናው ሚክስ (የድምፆቹ ቅልቅል) እሱ ነው። «ኢንተርስቴላር ኦቨርድራይቭ» መጨረሻው ላይ ከግራ ቀኝ የሚወረወረውን ድምፅ ከወደድክ ግን ስቴሪዮውን ያዝ፤ ሞኖው ላይ ያ የለም። አምፕሊፋየርህ የሞኖ ቁልፍ ካለው ተጫነው፣ ጭርጭርታው ይቀንስልሃል። የድሮውን የአሜሪካ ህትመት እንዳትነካ፣ «አስትሮኖሚ ዶሚኔ» ተቆርጦበታል።

ብስጩ፦ ሚክሱን ተዉት፣ ቀዳዳውን እዩ! በኢንተርኔት ያዘዝኩት ሸክላ ቀዳዳው መሀል ላይ አይደለም፤ ኦርጋኑ በየ1.8 ሴኮንዱ ይዋልላል። መልሱልኝ ስላቸው «ማጫወቻህን አስተካክል» አሉኝ።

ቦሌ ልጅ፦ እኔ የምገዛበት ሱቅ እንዲህ ያለ ጉድ አያውቅም። ባለቤቱ አንድ በአንድ አይቶ ነው የሚሸጠው።

ብስጩ፦ ፕላስቲኩን ሳይቀድ? ዓይኑ ራጅ ነው?

ቦሌ ልጅ፦ ሄደህ እየው።

አስቴር፦ ብስጩ፣ ሙዚቃው ሲያልቅ መርፌው ባዶው መስመር ላይ ሲደርስ መርፌውን የያዘውን ክንድ ከፊት ለፊት እየው። ሸክላው በዞረ ቁጥር ወደ ጎን ከተወዛወዘ ቀዳዳው ነው፤ ከፍ ዝቅ ካለ ሸክላው ተጣሟል። 33⅓ ላይ አንድ ዙር 1.8 ሴኮንድ ስለሆነ የሰማኸው ልክ ነው። በስልክ ቀርፀህ ላክላቸው፣ ቪዲዮ ሲያዩ ክርክሩ ያጥራል። ጠያቂ፣ ያንተ መርፌ ሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት 1.8 ግራም አድርገው። ቀለል ካደረግከው ጮክ ያለ ቦታ ላይ ይሻክራል።

ሐበሻ በኮሎኝ፦ ከእንግሊዝ ስታዝ ሻጩ ታክሱን ቀድሞ መቁረጡን ጠይቅ። ከ22 ዩሮ በታች ነፃ የነበረው በሐምሌ 2021 ቀርቷል፤ ያለዚያ 19 በመቶውን ከፖስታው የአገልግሎት ክፍያ ጋር በር ላይ ትከፍላለህ።

ዋሽንት፦ ለምን የሙላቱን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» አትገዛም? ስትሩት የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ በ2017 ሲያሳትመው ሞኖውንም ስቴሪዮውንም አውጥቶታል።

ብስጩ፦ ሰውዬው ስለ ፒንክ ፍሎይድ፣ ስለ ጠፈር ሮክ ነው የጠየቀው፣ ወንድሜ።

ሸክላ ወዳድ፦ ጠፈር ካላችሁማ ሆክዊንድ የሚባለው ባንድ። የ1971ዱን «ኢን ሰርች ኦፍ ስፔስ» ስትገዙ ሽፋኑ እንደ ድሮው ተቆርጦ የሚከፈት መሆኑን፣ 24 ገጽ መጽሔቱም አብሮ መኖሩን ሻጩን ጠይቁ። ያለ መጽሔቱ ግማሽ ነው።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አስቴር፣ ያን 1.8 ግራም የሚለካ ሚዛን የት ይሸጣል? የኩሽናው አይሆንም?

አስቴር፦ አይሆንም፣ ግራም በግራም ነው የሚቆጥረው። እስከ 0.01 የሚያነብ ፈልግ።