ባቡር ቀድሞ አዳማ ቢገባ፦ ስቲምፓንክ ነው ወይስ አማራጭ ታሪክ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ የሚካሄድ አጭር ልብወለድ እየጻፍኩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር አዳማ የሚደርሰው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ወፍጮውም የውሃ ፓምፑም በእንፋሎት ይሠራሉ። መሐል ላይ ከወደፊቱ ዘመን የመጣ ሰው የነፋስ ተርባይን ንድፍ ይሰጣቸዋል። አንድ ቦይለርም (እንፋሎት የሚፈላበት ጋን) ይፈነዳል፤ ምክንያቱን «ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው ቶሎ ስለሚፈላ» ብዬዋለሁ። ዘውጉን ምን ልበለው?

ሐዲድ፦
አማራጭ ታሪክ በለው፤ እውነተኛው ታሪክ አንድ ነጥብ ላይ በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ ብሎ የሚተርክ ዘውግ ነው። ስቲምፓንክ የሚሆነው እንፋሎት በእውኑ የማይችለውን ሲሠራ ነው፤ የሚያስብ ማሽን ሲያንቀሳቅስ፣ ግዙፍ የአየር መርከብ ሲያበር። ያንተ ወፍጮና ፓምፕ ግን በዚያ ዘመን በሌላ አገር የነበሩ ናቸው።

የጎደለህ ታሪኩ የሚታጠፍበት ነጥብ ነው። ዓመተ ምሕረት መቀየር አይበቃም፤ ባቡሩን ያዘገየውን ምክንያት ቀይር። ሐዲዱ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917። በመሐሉ ኩባንያው ከሰረ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም በመስመሩ ይሻኮቱ ነበር። ከእነዚህ አንዱን ንቀልና የሚከተለውን ተከታተል። ሲራራ ነጋዴው ምን ይበላል? ለባቡሩ ማገዶ የሚሆን እንጨት የማን መሬት ላይ ይቆረጣል? አዳማ ያደገችው ጣቢያውን ተከትላ ስለሆነ፣ ባቡሩ በገባበት ዓመት ወፍጮ የሞላባት ከተማ አታሳየን። ወይ ታሪኩን አሥር ዓመት ወደፊት ግፋው።

የእንፋሎት ወዳጅ፦
ቦይለሩ ላይ ተሳስተሃል። አዳማ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ እውነት ነው። ቦይለር ግን ዝግ ነው፤ ግፊቱ 10 ባር (የተራ አየር ግፊት አሥር እጥፍ ገደማ) ሲደርስ ውሃው የሚፈላው 180 ዲግሪ ላይ ነው። የከተማዋ ከፍታ እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አያመጣም።

ፍንዳታውን በውሃ ማነስ አድርገው። ከእሳቱ በላይ ያለው የብረት ጣሪያ ሁልጊዜ ውሃ ሊሸፍነው ይገባል። ውሃው ከዚያ በታች ሲወርድ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና ግፊቱ ይቀደዋል። ያኔ የቀረው ውሃ ግፊቱ በድንገት ስለሚለቀው ከፊሉ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፤ በተራ የአየር ግፊት 1 ሊትር ውሃ ወደ 1,700 ሊትር እንፋሎት ይወጣዋል። ለዚህ ነው ጣሪያው ላይ የእርሳስ ማዕድን ቡሽ (መድፈኛ) የሚገጠመው፤ ውሃ ሲጎድል እርሳሱ ይቀልጥና የሚወጣው እንፋሎት ሠራተኛውን ያስጠነቅቃል። እንግዲህ አለቃው ሥራ እንዳይቆም ብሎ ቡሹን በብረት ብሎን ያስተካው። ወይም የውሃውን ልክ የሚያሳየው የመስታወት ቱቦ ቀዳዳው በኖራ ቅርፊት ይደፈንና ሙሉ መስሎ ይታይ፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ቅርፊት ነው።

ነፋሻ፦
ከሐዲድ ጋር እስማማለሁ፤ የወደፊቱን ሰው ግን አውጣው። የጊዜ ጉዞ የራሱን ሕግ ይጠይቃል፦ ያለፈው ይቀየራል ወይስ አይቀየርም? ካልተቀየረ፣ ሰውየው ይዞት የመጣው ንድፍ ከእነሱው የተወረሰ ይሆናል፤ ታዲያ መጀመሪያ የሣለው ማን ነው? አንባቢህ ባቡሩን ትቶ ይህን ሲፈታ ይውላል። ንድፉ ቢገኝስ፣ የዛሬውን የፋይበርግላስ ክንፍ በ1905 በምን ይሠሩታል?

ደግሞም አያስፈልግህም። ቻርልስ ብረሽ የተባለ ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. በ1888 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ በነፋስ ኤሌክትሪክ አመንጭቷል፤ መሽከርከሪያው 17 ሜትር፣ ክንፎቹ 144 የእንጨት ጣውላዎች፣ ኃይሉ 12 ኪሎዋት፣ ማከማቻው ባትሪ። ከጅቡቲ በባቡር ፉርጎ ተጭኖ ሊመጣ የሚችል ነገር ነው። ልኩን ግን ጠብቅ፤ ዛሬ አዳማ ላይ ከቆሙት ተርባይኖች አንዱ 1.5 ሜጋዋት፣ ማለትም የብረሽን 125 እጥፍ ነው። ስለዚህ ያንተ ጣቢያ መብራትና ቴሌግራፍ ያግኝ፣ ወፍጮው በእንፋሎት ይቀጥል።