ላላገባች ልጅ ለከባድ የወር አበባ የወሊድ መከላከያ ክኒን ይሰጥ?

አወያይ፦ የ16 ዓመት ተማሪ ናት። ደሟ 9 ቀን ይቆያል፤ በሚበረታበት ቀን ሞዴሷ በየ2 ሰዓቱ ይሞላል፤ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል የረጋ ደም ይወጣታል። ሐኪሙ የወሊድ መከላከያ ክኒን አዘዘላት። እናቷ ግን «ያላገባች ልጅ ምን ሆና ነው ይህን የምትውጠው?» ብላ ማዘዣውን መለሰች። ማን ልክ ነው?

ሚድዋይፍ፦ ሐኪሙ። በዚህ ዕድሜ ደም የሚበዛው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል በየወሩ በወጉ ስለማይወጣ ነው። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን የማህፀኑን ሽፋን ያወፍረዋል፣ የሚያረጋጋው ሌላው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ግን አይመጣም፤ ሽፋኑ ተከምሮ ተከምሮ በአንዴ ይናዳል። ክኒኑ ሽፋኑን ያሳሳዋል፤ የሚረግፈው ሲያንስ የሚፈሰውም ያንሳል። «መሀን ያደርጋል» የሚባለው እውነት አይደለም፣ ስታቆመው ዑደቷ ይመለሳል። ሰጪው ግን ግፊቷን ይለካ፤ ዓይን የሚያጭበረብር ማይግሬን (ከባድ የራስ ምታት) ይኖርባት እንደሆነ፣ ከቤተሰቧ በደም ሥሩ ደም የረጋበት ሰው ይኖር እንደሆነ ይጠይቅ።

ፋርማሲስት፦ ሲስተር፣ ስለ ክኒኑ ያሉትን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሆርሞን ያልሆነ መድኃኒት እያለ ከእናትየው ጋር መጣላት ለምን አስፈለገ? ትራኔክሳሚክ አሲድ አለ። የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርጋል፤ ፍሰቱን ከሦስት አንድ እጅ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ባለ 500 ሚሊግራሙ ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን 3 ጊዜ፣ ደሙ ከበረታበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 4 ቀን ይወሰዳል፤ ደሙ ሲቆም ይቆማል። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። ደሙ እንዳይመጣ ብለው አስቀድመው ይጀምሩታል፣ ወይም በቀን አንድ ፍሬ ብቻ ይውጡና «አልሠራልኝም» ይላሉ። ሕመም አያስታግስም፤ ለዚያ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም በየ8 ሰዓቱ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል፣ ፍሰቱንም ትንሽ ይቀንሳል። አስፕሪን ግን በፍጹም!

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ሁለታችሁም ምርመራውን ዘላችሁት። ከመጀመሪያው የወር አበባዋ ጀምሮ ደሟ የበዛ፣ ነስር የሚመላለስባት፣ ጥርስ ስትፋቅ ድዷ የሚደማ ልጅ ፎን ቪሌብራንድ የሚባለው የደም አለመርጋት ችግር ሊኖርባት ይችላል። ለእሷ አይቡፕሮፌንም ጉዳት ነው። ደሙ የሚቀዳውም ክኒኑ ሳይጀመር ነው፤ በክኒኑ ያለው ኢስትሮጅን በዚህ ችግር የሚያንሰውን ደም የሚያረጋ ፕሮቲን ከፍ ስለሚያደርገው ውጤቱ ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ሂሞግሎቢን (የደም መጠን)፣ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ)፣ ከተገኘም ፌሪቲን (የአይረን ክምችት) ይሠራ። የእርግዝና ምርመራ ደግሞ ያላገባች ናት ተብሎ አይዘለልም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች 12 የሚለው የሂሞግሎቢን መነሻ 1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ተደርጎ መታየት አለበት፤ 12.3 የመጣላትን ልጅ «ደም ማነስ የለብሽም» ብሎ መሸኘት ስህተት ነው።

ፋርማሲስት፦ አይቡፕሮፌኑ ላይ ተሸንፌያለሁ፣ መጀመሪያ ስለ ነስሩ ይጠየቅ። ትራኔክሳሚክ ግን ለእንደዚህ ያለችው ልጅም ይሰጣል። ከክኒኑ ጋር ደርቦ መውሰድ ያለ ሐኪም ውሳኔ አይሆንም፤ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱን አደጋ ያከብደዋል።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦ የፈሰሰውን የሚተካላት ማን ነው? ቤት ውስጥ የሚሰጣት ቀይ ሥር ነው፤ ቀይ ሥር ደም ይመስላል እንጂ የያዘው አይረን ጥቂት ነው። 60 ሚሊግራም አይረን ያለው እንክብል በቀን አንድ፣ ሆድ ከቆረጣት አንድ ቀን እየዘለለች በባዶ ሆድ ከሎሚ ጭማቂ ጋር ትውሰድ። ቡና፣ ሻይና ወተት ከእንክብሉ የ2 ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው፤ ከምሳ በኋላ አቦል ቀርቦ እንክብሉ አብሮ ከተዋጠ አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጥ። ሂሞግሎቢኗ ከተስተካከለም በኋላ 3 ወር ትቀጥል፣ የአይረን ጎተራው የሚሞላው ያኔ ነው።

የትምህርት ቤት ነርስ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ክኒኑ በድብቅ ሲሰጥ ነው። እናት እሽጉን ከቦርሳ ውስጥ ታገኘዋለች፣ ልጅቷ ትደነግጥና ትጥለዋለች። ሁለት ፍሬ ሲዘለል ደግሞ ደሙ በመሃል ይፈሳል፣ ያኔ «መድኃኒቱ አባሰባት» ይባላል። እሽጉ እናትየው ፊት ይከፈት፦ 21ዱ ሆርሞን፣ ቡናማዎቹ 7ቱ አይረን፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ጠብ ጠብ ማለት ያለ ነው፤ የሚወሰደው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ ነው።

ሚድዋይፍ፦ በዚህ እስማማለሁ። ምርመራው ይቅደም፣ ትራኔክሳሚኩም ለ3 ዑደት ይሞከር፤ በየቀኑ ስንት ሞዴስ እንደሞላ ደብተር ላይ ይመዝገብ። ካልቀነሰ ግን፣ ወይም ዑደቷ ጨርሶ ከተዛባ፣ «አላገባችም» ተብሎ ክኒኑ መከልከሉን አልቀበልም። ሂሞግሎቢኗ 7 ሆኖ ደረጃ ስትወጣ ልቧ የሚመታባትን ልጅ ሰርጓ እስኪደርስ ጠብቂ ማለት ነውና።

አወያይ፦ ድንገተኛ የሚባለው የትኛው ነው?

ሚድዋይፍ፦ ለ2 ሰዓት በተከታታይ በየሰዓቱ አንድ ሙሉ ሞዴስ ከረጠበ፣ ወይም ስትቆም ካዞራት፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ትወሰድ።