በአንድ እድር ያሉ የቀድሞ ተፋላሚዎችን እናነጋግር ወይስ እንተዋቸው?

ጠያቂ (ሐዋሳ፣ ታቦር)፦
ጤና ይስጥልኝ። በእድራችን ውስጥ በሰሜኑ ጦርነት በተቃራኒ ወገን ተሰልፈው የተዋጉ ሁለት አባላት አሉ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት ውጊያውን ቢያስቆምም፣ እነርሱ ለቅሶ ቤት እንኳ ጎን ለጎን አይቀመጡም። ገሚሶቻችን በሽማግሌ ፊት ይነጋገሩ ስንል፣ የቀሩት ቁስል መነካካት ነው ይላሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1፦
ሩዋንዳ ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የዘር ጭፍጨፋ በኋላ ጋቻቻ በተባሉት የማኅበረሰብ ሸንጎዎች እስከ 2012 ድረስ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ጉዳዮችን ተመልክታለች። ጥፋቱን ያመነ ቅጣቱ ይቀልለት ነበር፤ ብዙ ቤተሰቦችም የዘመዶቻቸው አስከሬን የት እንደተጣለ ያወቁት በዚሁ መንገድ ነው። ሆኖም ከመሰከሩት ተጎጂዎች መካከል ማስፈራሪያና ጥቃት የደረሰባቸው ስላሉ፣ ማንንም አስገድዳችሁ በሕዝብ ፊት አታናግሩ።

መልስ 2፦
እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ሽማግሌዎች በአፊኒ ሥርዓት ሁለቱንም ወገን በትዕግሥት ሰምተው ሐቁ እስኪወጣ ድረስ ይመረምራሉ፤ እኔም እውነት ያልተነገረበትን እርቅ አላምነውም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በግል የተጣሉ ጎረቤታሞች አይደሉም። የአዛዦችን ተጠያቂነት በተራ ወታደር ትከሻ ላይ መጫን ትልቅ በደል ስለሆነ (ይህን አጥብቄ እናገራለሁ)፣ ጥያቄያችሁ ማን ጥፋተኛ ነው የሚል እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

መልስ 3፦
መጀመሪያ ሁለቱም የሚያከብሯቸው አንድ አዛውንት ለየብቻ ያነጋግሯቸው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ እምቢ ካለ ጉዳዩን ለጊዜው ተዉት፤ በድንኳን ተከላውና በቀብሩ ግን እንደማንኛውም አባል እኩል መድቧቸው።