የመልሶ ማልማት ድጎማ፦ የከተማው ድርሻ እንዴት ይሰላል? የጎደለው በብድር ይሞላል ወይ?

ፕላን ክፍል፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ መካከለኛ ከተማ ያረጀውንና የተፋፈገውን የመሃል ሰፈሩን መልሶ ለማልማት ከመንግሥት የድጎማ ፈንድ ሊጠይቅ ነው። ፈንዱ የሚለው «የተጣራ ወጪውን ሁለት ሦስተኛ እሸፍናለሁ፣ ቀሪው የከተማው ድርሻ ነው» ሲሆን፣ ክፍያውም ሥራው ከተሠራ በኋላ በተመላሽ ነው። የተጣራ ወጪ ውስጥ ምን ምን ይገባል? ድርሻው የግድ በጥሬ ገንዘብ መሆን አለበት? የጎደለውን ወደፊት ከሚጨምረው የንብረት ግብር ላይ ተበድሮ መሙላትስ ያዋጣል? በቁጥር የምታስረዱ ካላችሁ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሒሳብ ሹም፦
የተጣራ ወጪ ማለት ቦታውን ለገንቢ ዝግጁ ለማድረግ ከወጣው ጠቅላላ ወጪ ላይ ከመሬቱ የሚገኘው ገቢ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። አሠራሩ የቆየ ነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣችው የቤቶች ሕግ የፌዴራሉ መንግሥት የዚህን የተጣራ ወጪ፣ ማለትም የጉድለቱን ሁለት ሦስተኛ፣ ከተማው አንድ ሦስተኛ ይሸፍኑ ነበር።

በምሳሌ እንየው። ንብረት መግዣና ካሳ 45 ሚሊዮን፣ ተነሺዎችን ማስፈሪያ 12፣ ማፍረስና ማጽዳት 8፣ መንገድ፣ ውኃና ፍሳሽ 30፣ ጥናትና ቁጥጥር 5፤ በድምሩ 100 ሚሊዮን። መሬቱ በ40 ይሸጣል ከተባለ የተጣራው 60 ነው፤ ፈንዱ 40፣ ከተማው 20 ይችላሉ። እስከዚህ ቀላል ነው። ብዙ ከተማ የሚጎዳው መሬቱ በታሰበው ዋጋ ሳይሸጥ ሲቀር ነው። ሽያጩ 25 ላይ ቢቆም ጉድለቱ ወደ 75 ያድጋል። የፈንዱ መዋጮ በውሉ 40 ላይ ጣሪያ ከተደረገበት ደግሞ የከተማው ድርሻ ከ20 ወደ 35 ይዘላል። ስለዚህ ከፊርማ በፊት መጀመሪያ የሚነበበው አንቀጽ ጣሪያው በቁርጥ ገንዘብ ነው ወይስ በመቶኛ የሚለው ነው። የመሬቱን ዋጋም ከተማው ራሱ አይገምተው። ከሥራው ጥቅም የሌለው ገማች ይገምተው፣ በጀቱም በዝቅተኛው ግምት ይሠራ።

ድርሻው በዓይነት መሆን ይችላል ወይ ላሉት፣ ፕሮግራሙ ከፈቀደ ይችላል። በ1949ኙ ሕግ ከተማው ለሰፈሩ የሠራው ትምህርት ቤት፣ መንገድና መናፈሻ እንደ ድርሻ ይያዝለት ነበር። በዓይነት የቀረበ ድርሻ ኦዲት ላይ የሚወድቀው በአብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው፦ ወጪው ከስምምነቱ ቀን በፊት የወጣ ይሆናል፤ ያው ንብረት ለሌላ ፕሮግራምም ድርሻ ሆኖ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ወይም አገልግሎቱ ከፕሮጀክቱ ክልል ውጭ ላሉትም ሆኖ ሳለ ሙሉ ዋጋው ይጻፋል። ለምሳሌ የፍሳሽ መስመሩ ለሁለት ሰፈር ከሆነ የፕሮጀክቱን ሰፈር ድርሻ ብቻ ነው መያዝ የሚቻለው፤ ማካፈያውም በቤት ቁጥር ይሁን በፍሳሽ መጠን አስቀድሞ በጽሑፍ ይጸድቅ።

የጀርመን አሠራርም ቢታይ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ባለው የከተማ ግንባታ ድጋፍ በመደበኛው አካሄድ ፌዴራሉ፣ ክልሉና ከተማው አንድ አንድ ሦስተኛ ያዋጣሉ። በመደበኛው የእድሳት ሥርዓት ደግሞ በሚታደሰው ሰፈር ያሉ የመሬት ባለቤቶች በእድሳቱ ምክንያት በመሬታቸው ላይ የጨመረውን ዋጋ ሥራው ሲያልቅ ለከተማው ይከፍላሉ። የሕዝብ ገንዘብ ያመጣው ጭማሪ ለሕዝብ የሚመለስበት መንገድ ስለሆነ ሕጉ በሚፈቅድበት ሁሉ ሊታሰብ ይገባዋል እላለሁ።

ኮንትራት አስተዳደር፦
ከላይ ያለው ስሌት ትክክል ነው፤ ሥራ የሚያስቆመው ግን አብዛኛውን ጊዜ የገንዘቡ ማነስ ሳይሆን የሚመጣበት ጊዜ ነው። ተቋራጩ በየወሩ የ2 ሚሊዮን ክፍያ ሰርተፊኬት ያቀርባል እንበል። ከተማው ለፈንዱ የተመላሽ ጥያቄ የሚያቀርበው በየሦስት ወሩ፣ ፈንዱ የሚከፍለው ከዚያ በ60 ቀን ነው። በአምስተኛው ወር መጨረሻ ከከተማው ካዝና 10 ሚሊዮን ወጥቷል፤ የሚገባው ደግሞ የመጀመሪያው 6 ሚሊዮን ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 4 ሚሊዮን ነው። ያ ጥያቄ በሰነድ ጉድለት ተመልሶ ከሚቀጥለው ጋር አብሮ ከቀረበ ገንዘቡ የሚመጣው በስምንተኛው ወር ነው። እስከዚያ 16 ሚሊዮን ከኪስ ይወጣል። ይህን የሚሸከም ተዘዋዋሪ ገንዘብ ከሌለ ተቋራጩ ሥራ ያቆማል፣ በውሉ መሠረት የዘገየ ክፍያ ወለድም ይጠይቃል።

ጥያቄ የሚያስመልሱት ጥቃቅን ናቸው። የመለኪያ ወረቀቱ ላይ የአማካሪው መሐንዲስ ፊርማ አለ፣ የከተማው ተቆጣጣሪ ፊርማ የለም። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የሥራ ዝርዝር ቁጥር ከጸደቀው በጀት ቁጥር ጋር አይገጥምም። የለውጥ ሥራ ትእዛዙ፣ ማለትም በውሉ ላይ ያልነበረ ወይም የተቀየረ ሥራ እንዲሠራ የሚፈቅደው ወረቀት፣ የተፈረመው ሥራው ከተሠራ በኋላ ነው። ያልጸደቀ የለውጥ ሥራ ተመላሽ አይሆንም፤ ሙሉ ወጪው በከተማው ላይ ይቀራል። በአሮጌ ሰፈር ውስጥ ከመሬት በታች በፕላን ላይ የሌለ ቧንቧና ኬብል መውጣቱ ስለማይቀር ከጨረታው በፊት የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር፣ መጠባበቂያውም ለመሬት ውስጥ ሥራ ከሌላው ከፍ ብሎ ይያዝ።

በዝግታ ማውጣትም ያስቀጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 በተጀመረው የአሜሪካ የማኅበረሰብ ልማት ድጎማ አንድ ከተማ የፕሮግራም ዓመቱ ሊያልቅ 60 ቀን ሲቀረው ያልተወሰደ ገንዘቡ ከዓመታዊ ድጎማው 1.5 እጥፍ መብለጥ የለበትም። በዚያው ፕሮግራም ቢያንስ 70 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው መዋል አለበት፤ ለፕላንና ለአስተዳደር ከ20 በመቶ በላይ አይፈቀድም። የትኛውም ፈንድ ተመሳሳይ ጣሪያዎች ስለሚኖሩት የባለሙያ ደመወዝን ድጎማው ላይ ከመጫንዎ በፊት ይህን ያጣሩ።

ቦንድና ግብር፦
ሦስተኛውን ጥያቄ ልመልስ። ከሚጨምር ግብር መበደር ማለት የፕሮጀክቱን ክልል የንብረት ግምት ዛሬ ባለበት ማሰር፣ ከዚያ በላይ የሚመጣውን ግብር ለፕሮጀክቱ ማዋል ነው። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ዓመታዊ ጭማሪውን በዓመታት አባዝተው «ይህን ያህል መበደር እንችላለን» ሲሉ ነው። የክልሉ ግምት 200 ሚሊዮን፣ ከልማቱ በኋላ 300፣ ግብሩ 1 በመቶ ይሁን። ጭማሪው በዓመት 1 ሚሊዮን ነው። በ20 ዓመት 20 ሚሊዮን ይመስላል። አበዳሪው ግን ገቢው ከዕዳ ክፍያው 1.25 እጥፍ እንዲሆን ቢጠይቅ ለዕዳ የሚውለው 800 ሺህ ብቻ ነው፤ በ6 በመቶ ወለድ ይህ ወደ 9.2 ሚሊዮን ብድር ብቻ ይሸከማል። ሕንጻዎቹ ተጠናቀው ግብር መክፈል የሚጀምሩት በአምስተኛው ዓመት ከሆነ ደግሞ ወደ 6.4 ሚሊዮን ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ በምሳሌው የታየውን የ15 ሚሊዮን ቀዳዳ በዚህ መድፈን አይቻልም።

ሌላው ጉዳይ፣ ጭማሪው ያለ ፕሮጀክቱም ሊመጣ ይችል ነበር። ያ ገንዘብ ለትምህርት ቤቶች ይሄድ የነበረ ከሆነ ሌላ ቦታ ጉድጓድ ይከፍታል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ 400 የሚጠጉ የመልሶ ማልማት ኤጀንሲዎቿን የዘጋችው በበጀት ቀውስ ውስጥ ሆና ይህንኑ የትምህርት ቤቶች ጉድለት ስትሞላ ስለነበር ነው። ገበያው ጠንካራ በሆነበት ቦታ የብራዚሏ ከተማ የሳኦ ፓውሎ መንገድ ይሻላል፦ ከተማው ተጨማሪ የመገንቢያ መብትን በሰርተፊኬት መልክ በጨረታ ይሸጣል፣ ገንዘቡም በዚያው ክልል ላይ ብቻ ይውላል። ገንቢ ከሌለ ግን ሰርተፊኬቱን የሚገዛው አይኖርም።

ፕላን ክፍል፦
ተባረኩ፣ ብዙ ነገር ጠርቶልኛል። አንድ ልጨምር፦ ለተነሺዎች የያዝነው 12 ሚሊዮን ምን ምን ይሸፍናል? ማፍረሱስ በአንድ ጊዜ ይሁን ወይስ በየብሎኩ?

ካሳና ምትክ፦
ወጪው ዕቃ ማጓጓዣን፣ የኪራይ ልዩነትን፣ የንግድ ቤት ማዛወሪያን፣ ምትክ ቤቱ ካልተጠናቀቀም ጊዜያዊ ማረፊያን ይይዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣው የማስፈር ሕግ ነዋሪው ቢያንስ የ90 ቀን ማስታወቂያ ይሰጠዋል፣ ብቁ የሆነ ተከራይም የ42 ወር የኪራይ ልዩነት ይታሰብለታል። በብዙ በጀት የሚረሱት ተከራዮችና የተከራይ ተከራዮች ናቸው፤ ግምቱ ባለቤቶችን ብቻ ቆጥሮ ይሠራና መሃል ላይ ይፈርሳል። እነዚህ ሰዎች በዝርዝሩ ውስጥ ካልገቡ የሰፈሩን ድሃ ገፍቶ ማስወጣት እንጂ ልማት አይሆንም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቤት ለቤት ቆጠራ ከነፎቶው፣ የቆጠራው መዝጊያ ቀን በይፋ ማስታወቅ፣ ዝርዝሩን ለጥፎ ቅሬታ መስማት፣ ግምት፣ ክፍያ፣ ምትክ ቤት ማስረከብ፣ ከዚያ ውኃና መብራት መቁረጥ፣ በመጨረሻ ማፍረስ። በቆጠራውና በክፍያው መካከል ሁለት ዓመት ካለፈ ልጆች አግብተው ቤተሰብ ይከፈላል፣ ዋጋም ይጨምራል፤ እንደገና መቁጠር ግድ ይሆናል።

ማፍረሱ በየብሎኩ ይሁን። በ1949ኙ ፕሮግራም ብዙ ከተማ ሰፈሩን አንዴ ጠርጎ ገንቢ ሳይመጣ መሬቱ ለዓመታት ባዶ ቀርቷል፤ የቀድሞው ግብር ጠፍቶ አዲሱ አልመጣም። አንድ ብሎክ የሚፈርሰው ሦስት ነገር ሲሟላ ብቻ ይሁን፦ የብሎኩ መሠረተ ልማት ገንዘብ በእጅ ሲሆን፣ ከገንቢው ጋር ማስያዣ ያለው ውል ሲፈረም፣ የብሎኩ አባወራዎችና እማወራዎች በሙሉ የምትክ ቤት ቁልፍ መረከባቸው በስም ዝርዝር ሲረጋገጥ። የቁልፍ ርክክብ ዝርዝሩ ለማፍረሻ ክፍያ ጥያቄው አስገዳጅ አባሪ መሆኑን ከተቋራጩ ውል ላይ ያስገቡት፤ አለዚያ ተቋራጩ የማፍረሻ ማሽን አስገብቶ የቆመበትን ይጠይቅና ሰው ሳይወጣ ለማፍረስ ጫና ይመጣል።