ከቶክባክ ወደ ቮይስኦቨር፦ አይፎን ልጀምር ነው፣ ምን ልወቅ?

ነጭ ዘንግ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምንም አላይም፤ ሳምሰንግ በቶክባክ (ስክሪኑን በድምፅ በሚያነበው) ነው የምጠቀመው። አሁን ከአሜሪካ አይፎን 14 ሊመጣልኝ ነው። ሰው ሳልይዝ ከፍቼ ማስተካከል እችላለሁ? የዋትሳፕ መልእክቶቼስ? አማርኛ ያነባል?

ሮተር፦
ብቻህን ትችላለህ። ስልኩ ሲከፈት የጎኑን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተጫን፣ የአይፎኑ ስክሪን አንባቢ ቮይስኦቨር መናገር ይጀምራል።

በአንድ ጣት ማንሸራተቱና ሁለቴ መንካቱ ከለመድከው አይለይም። የሚያደናግረው ሌላው ነው። ገጽ ማንሸራተት በቶክባክ በሁለት ጣት ነበር፣ እዚህ በሦስት ነው። ለመመለስ ወደ ታች ከዚያ ወደ ግራ ማለት አይሠራም፤ ሁለት ጣት አሳርፈህ ግራና ቀኝ ፈጠን አድርገህ እሸው። ወደ መነሻ ገጽ ለመሄድ ከታችኛው ጠርዝ አንድ ጣት ወደ ላይ ጎትት፤ ንዝረቱ ሲሰማህ ልቀቅ። አልፈህ ከሄድክ የተከፈቱት አፖች ዝርዝር ይመጣብሃል።

በቃል ወይም በፊደል ለማንበብ ሁለት ጣት እንደ ክዳን አዙር፤ የፈለግከው ሲጠራ በአንድ ጣት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራት። ለመለማመድ በአራት ጣት ሁለቴ ንካ፦ የምታደርገውን ሁሉ ስሙን ይነግርሃል እንጂ ምንም አይከፍትም። ለመውጣትም ያው ነው።

ባለ ሁለት ሲም፦
ዋትሳፕን የሚያሻግረው ሙቭ ቱ አይኦኤስ የሚባለው አፕ ነው፤ ሳምሰንጉ ላይ ጫነው። ይህ የሚሆነው አይፎኑ ገና ሲዋቀር ነው። ጨርሰህ መጠቀም ከጀመርክ አይፎኑ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሰህ እንደ አዲስ መጀመር ሊኖርብህ ነው፤ ጎግል ድራይቭ ላይ ያስቀመጥከው ደግሞ አይፎን ላይ አይከፈትም። ሁለቱንም ቻርጀር ላይ ሰካ፣ ቮይስኦቨር የሚያነብልህን ቁጥር ሳምሰንጉ ላይ ጻፍ፣ ከዝርዝሩ ዋትሳፕን ምረጥ። እስኪያልቅ ሳምሰንጉን አትንካ፤ ጥሪ ቢገባ እንኳ ይቋረጣል። ቁጥርህ ያው መሆን አለበት። ቴሌግራም ግን አያሳስብህ፣ በቁጥርህ ስትገባ ሁሉም አለ፤ ሚስጥራዊ ቻቶች ብቻ አይመጡም።

ሌላው፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ አይፎን 14 የሲም ማስገቢያ የለውም፣ ኢሲም (ካርድ የሌለው፣ ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም) ያስፈልግሃል። ላኪው ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብቶ ስልኩ ለአንድ ኩባንያ አለመቆለፉን ከመላኩ በፊት ይይልህ።

ፊደል፦
አማርኛው ላይ ብዙ አትጠብቅ። አይፎን ከአይኦኤስ 16 (የአይፎን ሥርዓት) ወዲህ ከውጭ የመጣ የድምፅ ሞተር፣ ማለትም ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ይቀበላል፤ አማርኛ የሚያነበውን ኢስፒክ ኤንጂ (eSpeak NG) ከአፕ ስቶር አውርደህ በቮይስኦቨር የንግግር ሴቲንግ ውስጥ ጨምረው። ድምፁ የሮቦት ነው፣ ግን ፈጣን ነው። ሳትጨምረው የአማርኛ መልእክት ላይ ዝም ቢልህ ስልኩ ተበላሸ እንዳትል።

ነጭ ዘንግ፦
እግዜር ይስጥልኝ። እንግሊዝኛውም ጭምር ድንገት ዝም ቢልስ?

ሮተር፦
በሦስት ጣት ሁለቴ ነክተህ ይሆናል፣ ድምፁን የሚያጠፋውም የሚመልሰውም እሱ ነው። ሦስቴ ከነካህ ደግሞ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ለአንተ ለውጥ የለውም፣ ባትሪም ምስጢርም ይጠብቃል። ቤተሰብ ግን «ስልኩ ሞቷል» ብሎ ጥገና ቤት እንዳይወስድብህ አስቀድመህ ንገራቸው።