የቢሮ አገልግሎቴ ለሕግ አስከባሪዎች ጡረታ ይታሰብልኛል?

ለ17 ዓመታት በወንጀል መርማሪነት ካገለገልሁ በኋላ፣ በሥራ ላይ በደረሰብኝ የጉልበት ጉዳት ምክንያት በዚያው መሥሪያ ቤት ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ተዛውሬ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። በብዙ አገሮች የፖሊሶች የጡረታ ዕድሜ ከሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅ የሚለው የሥራውን አድካሚነትና አደጋ መሠረት በማድረግ እንደሆነ እረዳለሁ፤ የቸገረኝ ግን በቢሮ ያሳለፍኋቸው ዓመታት ለዚሁ መብት ይታሰባሉ ወይስ እንደ ሲቪል አገልግሎት ብቻ ይቆጠራሉ የሚለው ነው። ከደመወዜ የሚቆረጠው መዋጮ ከዝውውሩ በኋላም አለመለወጡ የሚያግዘኝ ማስረጃ ይመስለኛል፤ የጡረታ ጉዳይ ባለሙያው ግን በቃል «አይቆጠርም» ከማለት በቀር በጽሑፍ የሰጠኝ መልስ የለም። (ጉልበቴን የተጎዳሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ አልነበረም!) ተመሳሳይ ሁኔታ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ በዝውውር ደብዳቤዬ ውስጥ ምን የሚል ቃል መፈለግ እንዳለብኝ፣ የጡረታ ማመልከቻ ከማስገባቴ በፊትም የጽሑፍ ውሳኔ እንዴት ማግኘት እንደምችል ብትጠቁሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።