ክርክር፦ በ1869 እነ ስታንተን የአሜሪካን 15ኛ ማሻሻያ መቃወማቸው ልክ ነበር?

ሄለን፦ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 15ኛ ማሻሻያ የዜጋ የመምረጥ መብት በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም ቀድሞ ባሪያ በመሆኑ አይነፈግም ይላል። ስለ ፆታ ግን ዝም። የሴቶች መብት ታጋዮቹ ኤሊዛቤት ኬዲ ስታንተንና ሱዛን አንቶኒ ለዚህ ነው የተቃወሙት፣ ልክም ነበሩ። ስታንተን በ1848 በሴኔካ ፎልስ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ ድምፅ ይሰጠን ካለች 21 ዓመት ሞልቷታል። በ1868 ደግሞ 14ኛው ማሻሻያ ስለ መራጮች ሲናገር “ወንድ” የሚለውን ቃል ጭራሽ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባው። እስከ መቼ ነው “ቆዩ” የሚባሉት?

ዳዊት፦ ሴኔካ ፎልስን ካነሳሽ አይቀር ፍሬድሪክ ዳግላስንም አንሺ። ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። ተሰብሳቢው የምርጫው ጥያቄ በዝቶበት ሲያመነታ ተነስቶ የደገፋቸው እሱ ነው። በግንቦት 1869 ኒው ዮርክ በተደረገው ስብሰባ ላይ ግን ጀርባቸውን ሰጡት። ወገኖቹ ከቤታቸው እየተጎተቱ የመብራት ምሰሶ ላይ ይሰቀሉ ነበር። ለነሱ ድምፅ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው አላቸው።

ትዕግሥት፦ ቀጥሎ የሆነውንም ተናገር እንጂ ዳዊት። “ይሄ ጥቁር ሴትንስ አይመለከትም?” ተብሎ ተጠየቀ። “አዎ፣ ግን ጥቁር ስለሆነች እንጂ ሴት ስለሆነች አይደለም” አለ። ታዲያ ያቺ ሴት ድምፅ አገኘች? ከባርነት የወጣችው ጥቁር ሴት ሶጆርነር ትሩዝ በ1867 አስጠንቅቃ ነበር፤ ወንዶቹ ብቻ መብት ካገኙ በሴቶቹ ላይ ጌታ ይሆናሉ ብላ።

ዳዊት፦ ፍራንሲስ ሃርፐርም ጥቁር ሴት ናት። እዚያው ስብሰባ ላይ የዘሩ ጉዳይ ይቅደም ብላ ማሻሻያውን ደግፋለች።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ መቃወማቸው አይደለም እኔን የሚያንገበግበኝ፤ የተቃወሙበት መንገድ ነው። ስታንተን ያልተማረ ጥቁርና ስደተኛ ለተማረች ሴት ሕግ ሊያወጣ ነው እያለች ጻፈች። ጋዜጣቸውን ያቋቋሙት ጥቁሮችን በአደባባይ በሚንቅ ሀብታም፣ በጆርጅ ፍራንሲስ ትሬይን ገንዘብ ነው። ሌላዋ የሴቶች መብት ታጋይ ሉሲ ስቶንም እኩል ተበድላለች። እሷ ግን ከዚህ ጉድጓድ ማንም ይውጣ ማን ደስ ይለኛል አለች።

ሄለን፦ ጋሼ፣ በትሬይን ገንዘብ አልከራከርዎትም፤ ያሳፍራል። ግን የስቶን ትዕግሥትስ ምን አመጣላት? በ1893 ሞተች። ለሴቶች ድምፅ የሰጠው 19ኛው ማሻሻያ የጸደቀው በ1920 ነው።

ትዕግሥት፦ ለማን ጸደቀ ሄለን? በደቡብ ብዙ ጥቁር ሴቶች እስከ 1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ድረስ በማንበብ ፈተናና በምርጫ ግብር እየተመለሱ ኖረዋል። ስታንተን “ሴቶች” ስትል እነሱን ቆጥራቸው ነበር?